ቪዲዮን በአገር መቆለፍ ጥበቃ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአይቲ ሰዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ የዞረ አንድ ጽሑፍ አለ። ምክሩ አጭር ነው። ድርጅቶች የሚያዘጋጇቸውን ቪዲዮዎች በሙሉ ተመልካቹ ባለበት አገር ይቆልፉ ይላል። የሰራተኛ ስልጠናው፣ የዋና ስራ አስኪያጁ ንግግር፣ የምርት ማስታወቂያው፣ ለባለአክሲዮኖች የሚቀርበው ገለጻ፣ ሁሉም። ቢሮ ያለባቸው አገሮች ይከፈቱ፣ የቀረው ዓለም ይዘጋ።

ጸሐፊው ለዚህ ስድስት ምክንያት አቅርበዋል። ምስጢር አይወጣም። ቴክኖሎጂው ዛሬ አስተማማኝ ነው። ሕግ ያስገድዳል። ወጪ ይቀንሳል። በስህተት የተዘጋበት ሰው ቪፒኤን (የሌላ አገር አድራሻ የሚያስይዝ አገልግሎት) አለው፣ ካልሆነም ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። የአገሮቹ ዝርዝር ደግሞ አንዴ ከተሰራ ሌላ ድካም የለውም።

የእኔም እንጀራ ይኸው ነው፦ የድርጅት ቪዲዮዎችን መጫን፣ ማን እንዲያይ ማን እንዳያይ ማስተካከል። ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ልመልስ። ከወዲሁ ግን የማምንበትን ልናገር። ይህ ምክር እንዳለ ከተተገበረ የሚጎዳው ሌባው አይደለም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት የሚሰራው ልጅ ነው። ዱባይ ወይም ሪያድ ያለችው እህታችን ናት። (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ምስጢር አይወጣም»

የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ነው። መጀመሪያ ቁልፉ እንዴት እንደሚሰራ እንይ።

ቪዲዮውን ስትከፍቱ ስልካችሁ ወይም ኮምፒውተራችሁ ለሰርቨሩ ጥያቄ ይልካል። ጥያቄው የመጣበት የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም መስመራችሁ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ አለ። ሰርቨሩ ያንን አድራሻ ይዞ አንድ የመረጃ ቋት ውስጥ ይገባና «ይህ ቁጥር የየት አገር ነው?» ብሎ ይፈልጋል። መልሱ ከተፈቀዱት አገሮች አንዱ ከሆነ ቪዲዮው ይለቀቃል። ካልሆነ 403 የሚል የክልከላ ቁጥር ይመለሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። በዚህ ሁሉ መሃል ስማችሁን የጠየቀ የለም። የድርጅቱ ሰራተኛ ናችሁ ወይስ ትናንት የተሰናበታችሁ? የተፎካካሪ ድርጅት ሰው ናችሁ ወይስ የራሱ? ያጣራ የለም።

አንድ የመስሪያ ቤት ጥበቃ መታወቂያ መጠየቁን ትቶ «በየት መስመር ታክሲ መጣህ?» እያለ ቢያስገባና ቢመልስ ምን ትሉታላችሁ? ከመገናኛ የመጣ ይግባ፣ ከሳሪስ የመጣ ይመለስ። ሊሰርቅ የመጣው ሰው የመገናኛን ታክሲ መያዝ አያቅተውም። የሚመለሰው ሳሪስ የሚኖረው ሰራተኛ ነው።

ቪፒኤን ማለት ያ ታክሲ ነው። በወር በጥቂት ዶላር፣ አንዳንዴም በነፃ፣ የፈለጋችሁትን አገር አድራሻ ይሰጣችኋል። የድርጅቱን ቪዲዮ ለማግኘት ቆርጦ የተነሳ ሰው የዋናውን መስሪያ ቤት አገር መርጦ ይገባል። ቁልፉ የሚያስቆመው ለመዋሸት ያላሰበውን ሰው ብቻ ነው።

ደግሞስ ምስጢር የሚወጣው እንዴት ነው? ቪዲዮውን ማየት የተፈቀደለት አንድ ሰው ስክሪኑን ይቀዳል። ወይም ስልኩን ከኮምፒውተሩ ፊት ይደግናል። ከዚያ በቴሌግራም ይለቀዋል። ይህ ሰው ያለው በተፈቀደው አገር ነው፤ ቁልፉ በሩን ከፍቶ ነው ያስገባው። ቅጂው ከወጣ በኋላ ደግሞ የአገር ቁልፉ አብሮት አይሄድም። ምስጢርን በአገር መጠበቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ለምስጢር የተሰሩ መሳሪያዎች ሞልተዋል። ሰራተኛው በስራ ኢሜይሉና በይለፍ ቃሉ ገብቶ ይይ፤ ሲሰናበት መለያው በዚያው ቀን ይዘጋ። ሊንኩ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ የሚሞት ይሁን፣ ፎርዋርድ ቢደረግም እንዳይሰራ። ከባድ ምስጢር ከሆነ የተመልካቹ ስምና ኢሜይል ቪዲዮው ላይ ደብዘዝ ብሎ ይታይ። ይህ የመጨረሻው ዘዴ ቅጂን በጉልበት አያግድም፤ ግን ስሙ የተጻፈበትን ቪዲዮ ደፍሮ የሚለቅ ሰው ጥቂት ነው። ሦስቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ማን ነህ? የአገር ቁልፉ ግን ይህንን ጥያቄ ጭራሽ አያነሳም።

«ቴክኖሎጂው ዛሬ አስተማማኝ ነው»

ጸሐፊው የአይፒ አድራሻን ከአገር ጋር የሚያዛምዱት የመረጃ ቋቶች በአገር ደረጃ ብዙ አይሳሳቱም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ከተማና ሰፈር ላይ ሲደርሱ ይዳክራሉ እንጂ አገርን አብዛኛውን ጊዜ ያገኛሉ። ችግሩ ሲሳሳቱ የሚያደርጉት ነገር ላይ ነው።

የካንሳሱን ታሪክ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማክስማይንድ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በዚህ ስራ ከታወቁት አንዱ ነው። አድራሻው አሜሪካ ውስጥ መሆኑን አውቆ ትክክለኛ ቦታውን ሲያጣ የአገሪቱ መሃል አካባቢ ያለ አንድ ነጥብ ይሰጥ ነበር፦ 38 ዲግሪ ሰሜን፣ 97 ዲግሪ ምዕራብ። ያ ነጥብ ያረፈው ካንሳስ ውስጥ፣ ፖትዊን ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ የሰው እርሻ ላይ ነው። ከ600 ሚሊዮን በላይ የአይፒ አድራሻዎች ወደዚያ ቤት ይጠቁሙ ነበር። በኢንተርኔት የተጭበረበረ ሁሉ ሌባውን ፍለጋ እዚያ ይደርስ ነበር። ፖሊስ፣ አምቡላንስ፣ የተናደደ ሰው፣ ለዓመታት። ጉዳዩ በ2016 በጋዜጠኛ ሲጋለጥ ድርጅቱ ነጥቡን ሐይቅ ላይ አዛወረው።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ነገር አለ። የመረጃ ቋቱ ያላወቀውንም እንዳወቀ አድርጎ ይመልሳል። ሰርቨሩ ደግሞ የሚቀበለው ያንን መልስ ብቻ ነው። «እርግጠኛ አይደለሁም» የሚል ቃል መሃላቸው የለም።

ሌላው ነገር ስህተቱ በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይወድቅም። ዋና መስሪያ ቤት ውስጥ በኬብል ለተቀመጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። የሚስተው የሚንቀሳቀሰውን፣ በሩቅ የሚሰራውን፣ በስልክ ዳታ የሚጠቀመውን ነው።

ሮሚንግን ውሰዱ። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት የሄደ ሰው የኢትዮጵያ ሲሙን ሮሚንግ አድርጎ ዳታ ቢከፍት፣ በተለመደው አሰራር ዳታው ወደ አገሩ ኔትወርክ ተመልሶ ነው ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው። ስለዚህ ለሰርቨሩ ሰውየው አሁንም አዲስ አበባ ነው። በዚያው ቅጽበት የሆቴሉን ዋይፋይ ቢያበራ ጀርመን ይገባል። ያው ሰው፣ ያው ወንበር ላይ፣ ሁለት አገር። አንዳንዱ ሲስተም ደግሞ አገሩን የሚያጣራው አንዴ መጀመሪያ ላይ ብቻ አይደለም። ቪዲዮ በትንንሽ ቁራጭ ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ያጣራል። ሰውየው ዋይፋዩ ደክሞበት ወደ ስልክ ዳታ ሲቀይር ቪዲዮው መሃል ላይ ቀጥ ይላል። እሱ ኔትወርኩን ይረግማል። የዘጋበት ግን ኔትወርኩ አይደለም።

የድርጅት ላፕቶፕም አለ። ብዙ የውጭ ድርጅቶች የሰራተኛውን ላፕቶፕ በራሳቸው መስመር ያዞሩታል፤ ከአዲስ አበባ የተነሳው ጥያቄ ለንደን ወይም አምስተርዳም ላይ ይወጣል። በዚያ ላፕቶፕ ቪዲዮው ያለችግር ይከፈታል። ያንኑ ሊንክ በስልኩ ሲከፍት ይዘጋበታል። አይቲ ክፍሉ የሚሞክረው በላፕቶፕ ስለሆነ «ሁሉም ጋ ይሰራል» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። ላፕቶፕ ያልተሰጣቸው ሰራተኞች፣ ማለትም የመጋዘን፣ የጽዳት፣ የሹፍርና ሰራተኞች፣ በሪፖርቱ ውስጥ የሉም።

የአድራሻ ገበያውም አለ። የድሮው ዓይነት የአይፒ አድራሻ (አይፒቪ4) በብዙው ዓለም አልቋል። አድራሻ የሚያድለው የሰሜን አሜሪካው መዝገብ ነፃ አድራሻ የጨረሰው በ2015 ነው፣ የአውሮፓው በ2019። ከዚያ ወዲህ አድራሻ እንደ ዕቃ ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ከአገር አገር ይዞራል። የመረጃ ቋቱ ያንን እስኪደርስበት ድረስ አዲሱ ባለቤት በቀድሞው ባለቤት አገር ስም ይኖራል።

ጸሐፊው «ዛሬ አስተማማኝ ነው» ያሉት ለማስታወቂያ ቢሆን አልከራከርም ነበር። ጫማ ሻጭ ተሳስቶ የሌላ አገር ማስታወቂያ ቢያሳየኝ ምንም አይደለም። የሰው የስራ ግዴታ ግን በዚህ ላይ አይንጠለጠልም።

«ሕግ ያስገድዳል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው በከፊል ትክክል ናቸው፤ ረጋ ብዬ ልየው።

በቦታ መወሰን ያለበት ቪዲዮ አለ። በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒትን ለተራው ሕዝብ ማስተዋወቅ አሜሪካና ኒውዚላንድ ይፈቅዳሉ። የአውሮፓ ህብረት ግን በ2001 መመሪያው ከልክሎታል። አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ለአሜሪካ ተመልካች የሰራውን ማስታወቂያ ለፈረንሳይ ቢዘጋ ልክ ነው። የሙዚቃ ወይም የተዋናይ ውሉ «ለዚህ አገር ብቻ» የሚል ቪዲዮም እንዲሁ። ውል ውል ነው። በእነዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ግን ልብ በሉ፤ በእነዚህ ጉዳዮች ሕጉ ራሱ የሚናገረው ስለ ቦታ ነው። ማስታወቂያው የት ታየ ነው ጥያቄው። ጸሐፊው ከእነዚህ ጋር የደባለቋቸው ሌሎች ሕጎች ግን ስለ ሰው ነው የሚናገሩት።

የአክሲዮን ሽያጭን እንይ። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2024 ከድርሻው 10 በመቶውን፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለሽያጭ ሲያቀርብ የተፈቀደው ለኢትዮጵያውያን ዜጎች ነበር። እንበልና እንዲህ ያለ ሽያጭ የሚያቀርብ ድርጅት የማብራሪያ ቪዲዮውን «ለዜጎች ብቻ ነው» ብሎ በአገር ቢቆልፈው ምን ይሆናል? የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛ ሪያድ የምትሰራው ሴት አታይም። ቦሌ ሆቴል ያረፈው የውጭ ዜጋ ያያል። ሕጉ የፈለገው ተገልብጦ ተፈጸመ። ዜግነት ፓስፖርት ላይ እንጂ አይፒ አድራሻ ላይ አልተጻፈም። ትክክለኛው ቦታ ግዢው ላይ ነው፤ ሰውየው ሊገዛ ሲል ማንነቱ ይጣራ።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ በ1998 ባወጣው ማብራሪያ ከአሜሪካ ውጭ በኢንተርኔት አክሲዮን ለሚያቀርቡ ያስቀመጠው መንገድ ተመሳሳይ ነው። ጉልህ ማሳሰቢያ ጻፉ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ደግሞ የገዢውን የመኖሪያ አድራሻ ወይም ስልክ ጠይቃችሁ አጣሩ ነው ያለው። የሚያስጨንቀው ሽያጩ ነበር።

ማዕቀብ የሚለውም ነጥብ ተነስቷል። እውነት ነው፣ የአሜሪካ ድርጅት ከሆንክ ማዕቀቡን ችላ ማለት አትችልም። በኢንተርኔት ኮርስ የሚሰጠው ኮርሴራ በጥር 2014 በኢራን፣ በኩባና በሱዳን ያሉ ተማሪዎችን በአይፒ አድራሻቸው ለይቶ ኮርሶቹን የዘጋባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ያኔ የተጎዳው ግን ሒሳብና ኮምፒውተር ሊማር የተቀመጠ ወጣት ነበር። ሕግ ሲያስገድድ ይዘጋል፤ ሳያስገድድ «ለጥንቃቄ» ብሎ መዝጋት ግን ያንን ጉዳት በፈቃድ ማብዛት ነው።

በተቃራኒው መዝጋት ራሱ የሚያስቀጣበት ቦታ አለ። የአውሮፓ ህብረት ደንብ 2018/302 ከታህሳስ 2018 ጀምሮ ነጋዴ የሽያጭ ገጹን በደንበኛው ዜግነት ወይም መኖሪያ ምክንያት እንዳይዘጋ ይከለክላል። ደንቡ የፊልምና የቴሌቪዥን ዓይነት አገልግሎትን አይነካም፤ ስለዚህ ቪዲዮን ሁሉ ይመለከታል አልልም። ግን በጥር 2021 የህብረቱ ኮሚሽን ጌም በኢንተርኔት የሚሸጠውን ቫልቭን እና አምስት የጌም አሳታሚዎችን በድምሩ 7.8 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው ህብረቱ ውስጥ ጌሞችን በአገር በመቆለፋቸው ነው። በዚያ ጉዳይ ያስቀጣው የውድድር ሕግ ነበር። ጸሐፊው «ሕግ ያስገድዳል» ሲሉ ሕግ የሚከለክልበትንም ቢጠቅሱ አንባቢው ሙሉውን ያይ ነበር።

ደግሞ መጠኑን አስቡት። አንድ ድርጅት ካሉት ቪዲዮዎች ስንቱ ነው የመድኃኒት ማስታወቂያ? ስንቱ ነው የአክሲዮን ሽያጭ? የእሳት ማጥፊያ አጠቃቀም ስልጠናን የትኛው አገር ሕግ ከለከለ?

«ወጪ ይቀንሳል»

ይህን በፍጥነት ልለፈው፤ ብዙ የሚያከራክር አይደለም።

ቪዲዮ ማድረስ በአፍሪካ ከአውሮፓ ይወደዳል፣ እውነት ነው። ቪዲዮ የሚያሰራጨው የአማዞን አገልግሎት፣ ክላውድፍሮንት፣ የዋጋ ሰንጠረዥ ላይ ለመጀመሪያው 10 ቴራባይት አንድ ጊጋባይት ለአሜሪካና ለአውሮፓ 0.085 ዶላር ነው፤ ለደቡብ አፍሪካ፣ ለኬንያና ለመካከለኛው ምስራቅ 0.110 ዶላር። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በመካከለኛ ጥራት አንድ ጊጋባይት ገደማ ነው። ልዩነቱ ሁለት ሳንቲም ተኩል። ሁለት መቶ ሰራተኛ ቢያየው አምስት ዶላር። አምስት ዶላር ለማትረፍ ሁለት መቶ ሰው ስልጠና ይቅርበት? ያውም ወጪው ከከበደ ውዶቹን ማሰራጫዎች ትቶ በርካሾቹ ብቻ ማድረስ ይቻላል። ቪዲዮው ትንሽ ይዘገያል እንጂ አይዘጋም።

«የተዘጋበት ሰው ቪፒኤን አለው፣ ወይም ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል»

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ይህ ነጥብ ነው።

መጀመሪያ አንደኛውንና ይህን አምስተኛውን ነጥብ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። እዚያ ቁልፉ ሌባን ያስቆማል ተባለ። እዚህ ደግሞ ተራ ሰራተኛ በቪፒኤን ያልፈዋል ተባለ። የደንበኞች አገልግሎት ሰራተኛ የሚያልፈውን ሌባ ያቅተዋል?

ቪፒኤኑም ለሁሉም እኩል አይደለም። ብዙ ድርጅቶች በስራ ኮምፒውተር ላይ የራስን ቪፒኤን መጫን ይከለክላሉ። ሰራተኛዋ ስልጠና አልጨረስሽም እንዳትባል ሌላ ደንብ ትጣስ ማለት ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ውስጥ ደግሞ ወንጀል ለመፈጸም ወይም የተፈጸመ ወንጀል እንዳይታወቅ ለማድረግ የአይፒ አድራሻውን የለወጠ ሰው ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም እንደሚቀጣ የሳይበር ወንጀል ሕጉ ይደነግጋል። ለስልጠና ቪዲዮ ብሎ ማንም አይከሰስም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን የመኖሪያ ፈቃዷ በአሰሪዋ እጅ ያለ ልጅ ይህን ሕግ ስትሰማ ወንጀል ከሚለው ቃል በኋላ ያለውን ዝርዝር የሚያስረዳት ጠበቃ የላትም። ትፈራለች። መፍራቷም ተገቢ ነው።

ልዩ ፈቃድ መጠየቅስ? አዲስ አበባ ሆና ለውጭ ድርጅት የደንበኞች ጥሪ የምትቀበል አንዲት የማውቃት ልጅ አለች። የደንበኛ መረጃ አያያዝ ስልጠና እስከ ዓርብ ጨርሱ ተባሉ። ቪዲዮውን ከፈተች። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፣ መሃሉ ላይ ክብ ነገር ይሽከረከራል። ትንሽ ቆይቶ «ይህ ይዘት አይገኝም» የሚል ጽሑፍ መጣ። አይገኝም፤ ለምን እንደማይገኝ የለም። ኔትወርክ መስሏት ፓኬጅ ገዛች። ስልኩን አጥፍታ አበራች። ካፌ ሄዳ በዋይፋይ ሞከረች። ጓደኛዋ ጋ ደወለች፣ እሷም ጋ እንዲያው። ሄልፕ ዴስክ ጻፉ። በነጋታው መልስ መጣ፦ «እኛ ጋ ይሰራል።» እነሱ ጋማ ይሰራል፣ የተፈቀደው አገር ውስጥ ናቸው! ዓርብ አለፈ። ሰኞ ስሟ በቀይ ተጽፎ ለአለቃዋ ደረሰ፦ አላጠናቀቀችም።

ጉዳዩ የተፈታው አንድ ሰው ተራውን ሳይጠብቅ ቅንብሩን ከፍቶ ስላየ ነው። ኢትዮጵያ በተፈቀዱት አገሮች ዝርዝር ውስጥ አልነበረችም። አንድ ጠቅታ ነው የፈጀው። ቀዩ ጽሑፍ ግን ሳምንት ቆየ።

ጸሐፊው «ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል» ሲሉ ሰውየው የተዘጋበት መሆኑን አውቋል ብለው ነው የተነሱት። አያውቅም። ቁልፉ ቁልፍ መሆኑን አይናገርማ። ቴክኖሎጂው ግን መናገር አይከለክልም። ክልከላው በሕግ ምክንያት ከሆነ 451 የሚል የተለየ ቁጥር ከየካቲት 2016 ጀምሮ ተዘጋጅቷል፤ ለዚሁ ሲባል። ሌላ ምክንያት ከሆነም ስክሪኑ ላይ በተራ ቋንቋ መጻፍ ይቻላል፦ «ይህ ቪዲዮ ለዚህና ለዚህ አገር ብቻ ነው። ሲስተማችን ኢትዮጵያ ውስጥ ነዎት ይላል። ስህተት ከመሰለዎት እዚህ ይጻፉ፤ እስኪስተካከል ድረስ የስልጠና ቀንዎ ይራዘማል።» ይህን ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ይበቃል። እስካሁን ካየኋቸው ቅንብሮች ውስጥ የመጨረሻዋን ሐረግ የጻፈ አላጋጠመኝም።

«ዝርዝሩ አንዴ ከተሰራ ሌላ ድካም የለውም»

ዝርዝር በሁለት መንገድ ይሰራል። አንደኛው የሚዘጉትን አገሮች መጻፍ ነው። ሁለተኛው የሚከፈቱትን ብቻ መጻፍ። ጸሐፊው የመከሩት ሁለተኛውን ነው። በሁለተኛው መንገድ ስድስት አገር ስትጽፍ ከመቶ ሰማንያ በላይ አገር ትዘጋለህ፤ አንዱንም በስሙ ሳትጠራ። ከላይ ባነሳኋት ልጅ ላይ ኢትዮጵያን እንዝጋ ብሎ የወሰነ ሰው የለም። ማንም አላሰበበትም። የሚጠየቅ ሰው የጠፋውም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያውም መንገድ ያረጃል። አሜሪካ በሱዳን ላይ የነበራትን ሰፊ የንግድ ማዕቀብ በጥቅምት 2017 አንስታለች። የሶሪያውን የማዕቀብ መርሃ ግብር ደግሞ በሰኔ 2025 መጨረሻ በፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ አቋርጣለች። በ2016 የተጻፈ ዝርዝር «ሌላ ድካም የለውም» ተብሎ ከተተወ ሁለቱንም ዛሬም እንደዘጋ ነው።

የእኛም አገር አለች። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ማጠብ የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል ኢትዮጵያን ክትትል ከሚደረግባቸው አገሮች ዝርዝር ያስገባት በየካቲት 2017 ነበር። በጥቅምት 2019 አወጣት። ያ ዝርዝር የሚናገረው ስለ ባንክና ገንዘብ ዝውውር ነው፤ ያንን ወስዶ ለቪዲዮ የቀዳውና እስካሁን ያላነሳው ካለ ግን ሁለት ጊዜ ተሳስቷል። በመስከረም 2021 የወጣው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ትዕዛዝ 14046ም እንዲሁ በተለዩ ሰዎችና ተቋማት ላይ የተነጣጠረ እንጂ በአገሪቱ ላይ ሙሉ የንግድ ማዕቀብ አልነበረም። አዲስ አበባ ያለች የጥሪ ማዕከል ሰራተኛ ስልጠናዋን እንዳታይ የሚያደርግ ቃል በውስጡ የለም።

ስለዚህ ጸሐፊውን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። በራሳቸው መስሪያ ቤት ያለውን ዝርዝር ያውጡ። ከእያንዳንዱ ከተዘጋ አገር ጎን ምክንያቱን፣ የወሰነውን የስራ ክፍልና የተወሰነበትን ቀን ይጻፉ። ምክንያቱ የሕግ አንቀጽ ወይም የፈቃድ ውል ከሆነ ይቆይ፤ በየስድስት ወሩም ይታይ። ቦታው ባዶ ከሆነ ዛሬውኑ ይክፈቱት።